የአቶ መሸሻ ፍሬን

የሺጥላ ከጳውሎስ ወረድ ብሎ ባለው ጋራዥ ሃያ ዓመት ሲሠራ መኪና እንጂ ባለመኪና አክብሮ አያውቅም። ሙያውን የተማረው ከአንድ ቁጡ ጣሊያን ነው፤ ስድቡንም አብሮ ተምሯል። «ዘይትና ውሃ ማየት ለማይችል ሰው ማን ነው መንጃ ፈቃድ የሰጠው?» ይላል፣ ያውም ሰውየው ፊቱ ቆሞ።

ከሁሉ የሚንቀው ግን ጎረቤቱን አቶ መሸሻን ነበር። መሸሻ ከአማቱ የወረሰውን ላንድሮቨር እሁድ እሁድ በሳሙና ያጥባል፣ መስታወቱን በጋዜጣ ይወለውላል፤ ኮፈኑን ከፍቶ ማየት ግን አልፈጠረበትም። ቤንዚን በኩፖን መታደል ከጀመረ ወዲህ ደግሞ አዲስ ጥበብ አመጣ። ከእንጦጦ ሲወርድ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ማርሹን ከጥርስ አውጥቶ ፎሌ አድርጎ ይለቀዋል። ሽሮ ሜዳ እስክደርስ ጠብታ ቤንዚን አላቃጠልኩም እያለ ሰፈሩን ያሰለቻል። ያን ሁሉ ቁልቁለት ፍሬኑ ብቻውን እንደሚሸከመው የሺጥላ ያውቃል፤ ለእንዲህ ያለ ሰው ምላሱን ማድከም ግን አልፈለገም።

አንድ ቀን ከሰዓት መሸሻ ላንድሮቨሩን ጋራዡ በር ላይ አቆመ።

«ፍሬኑ ትንሽ እየሰመጠብኝ ነው» አለ።

የሺጥላ የፍሬን ዘይት መያዣውን ከፈተና ጣቱን ነክሮ አሸተተ። የሞተር ዘይት ነበር።

«ይኼን ማን ጨመረው?»

«እኔ ነኝ። የፍሬን ዘይት ከገበያ ጠፋ። ያው ዘይት አይደል?»

የሺጥላ ሳቀ። ሁለት ደንበኞች ቆመው ያዩ ስለነበር ሳቁን ሆን ብሎ አስረዘመው። «ጌታዬ፣ ለእርስዎ በቅሎ ነበር የሚሻልዎት» አለ። «እሷ እንኳ የማይስማማትን ሲሰጧት ፊቷን ታዞራለች።»

ሰዎቹም ሳቁ። መሸሻ ፊቱ ደም መስሎ ኮፈኑን ራሱ ዘጋና ሄደ። የሞተር ዘይቱ ፍሬኑ ውስጥ ያለውን ጎማ፣ ጎሚኒውን፣ አሳብጦ ፍሬኑን ጨርሶ እንደሚያጠፋው የሺጥላ አልነገረውም። ሄዶ ይማር፣ ብሎ ወደ ሥራው ተመለሰ።

በማግስቱ የእንጦጦ ማርያም ንግሥ ነበር። የሺጥላ ለምሳ ቤቱ ሲገባ ሚስቱ ገበያነሽ የለችም።

«እነአቶ መሸሻ ይዘዋት ወጡ» አለችው ጎረቤቱ ማሚቴ። «እግሯን ስለሚያማት በመኪና እናድርስሽ አሏት።»

የሺጥላ ከነቱታው ወደ ዳገቱ ሮጠ። ሲሮጥም መሸሻን እየሰደበ ነበር፤ ያ ደደብ፣ ያ መስታወት ወልዋይ። ከሽሮ ሜዳ በላይ እስትንፋሱ ሲያጥረው ግን ስድቡን ትቶ እመቤቴን ብቻ መጥራት ጀመረ።

ላንድሮቨሩ በመንገዱ ዳር፣ ከገደሉ በተቃራኒ ካለው የአፈር ግድግዳ ጋር ተላትሞ ቆሟል። ፔዳሉ እስከ ወለሉ ሲሰምጥበት መሸሻ መሪውን ወደዚያ ጠምዝዞ ነው የተረፉት። የመሸሻ ሚስት ታለቅሳለች። ገበያነሽ የተሰበረ ክንዷን በነጠላ አስራ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። መሸሻ ቁልፉን ጨብጦ አጠገቧ ቆሟል።

«ትናንት አሳይቼው ነበር እኮ» አላት ገበያነሽን፣ ወደ የሺጥላ እያመለከተ። «ሳቀብኝ።»

ገበያነሽ ባሏን ቀና ብላ አየችው።

«ፍሬኑ እንደሚጠፋ ነግረሃቸው ነበር?»

የሺጥላ አፉን ከፈተ። ትናንት ከተናገረው ሁሉ የሚታወሰው ስለ በቅሎዋ ያለው ብቻ ነበር።