ዝም ያሉት ጫጩቶች

ልጄ ትግስት ባለፈው ቅዳሜ ከገበያ ስትመለስ ጎንና ጎኑ የተበሳሳ ካርቶን አቅፋ መጣች። ገና ከአጥሩ በር ሳትገባ ከካርቶኑ የሚወጣውን ድምፅ ሰማሁት። የያዝኩት ወንፊት ከእጄ ወደቀና ዱቄቱ መሬት ላይ ተበተነ።

«እማዬ፣ ምን ሆንሽ? ጫጩት ነውኮ!» ብላ ሳቀች። «ልጆች በባጃጅ ጭነው ሲሸጡ አገኘኋቸው። አሁን ትደነግጫለሽ፤ እንቁላል ሲጥሉ ግን መጀመሪያ ሳህን ይዘሽ የምትመጪው አንቺ ነሽ።»

ካርቶኑን ወደምትተኛበት ክፍል አስገባችው። እዚህ መካነ ሰላም ክረምቱ ሲገባ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ መብራቱም ሲሄድ ሲመጣ ስለሚውል በአምፖል ማሞቅ አይታመንም። ስለዚህ ደጅ ላይ ከሰል አቀጣጠለች። ፍሙ ሲቀላ መስኮቱን ዘጋችና ምድጃውን አንስታ ልትገባ ስትል በሩ ላይ ቆምኩባት።

«አታስገቢውም።»

«እማዬ፣ በረዳቸው እኮ! ሲጮሁ አትሰሚም?»

«እሰማለሁ። ይጩሁ።»

ልጆቼ ፈሪ ነሽ ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። ሕፃናት ሳሉ እንቅልፍ ሲወስዳቸው እጄን አፍንጫቸው ላይ አድርጌ ትንፋሻቸውን እፈልግ ነበር፤ ትንሽ ዝም ካሉብኝ ቀስቅሼ አስለቅሳቸዋለሁ። ባለቤቴ «የተኛ ልጅ የሚቀሰቅስ ሰው ዛሬ ገና አየሁ» እያለ ይቆጣ ነበር። ምክንያቱን ለእሱም ለልጆቹም አውጥቼ ተናግሬ አላውቅም። ያን ቀን ግን ምድጃው በትግስት እጅ ላይ እያለ ነገርኳት። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም፤ ቢሆንም የነገርኳትን እንዳቅሜ እዚህ ጻፍኩት።

እኔ ያን ጊዜ ጡቴ ገና ማጎጥጎጥ የጀመረ ልጅ ነበርኩ። ቤታችን ከከተማው ዳር፣ ወደ ገብሱ ማሳ መውረጃ ላይ ነው። አባቴ ወደ ደጎሎ ለቀን ሥራ ሄዷል። ቤት የቀረነው እናቴ፣ እኔና ታናሽ እህቴ እናኑ ነበርን። እናኑ የወተት ጥርሷ ገና መነቀል የጀመረ፣ ስትስቅ ድዷ የሚታይ፣ አፏ የማያርፍ ልጅ ናት።

ነሐሴ ላይ ነው። ጉሙ ከጠዋት እስከ ማታ ከደጃችን አይነሳም፤ መንገዱ ጭቃ ከመሆኑ የተነሳ መኪና ወደ ከተማው የገባ እንደሆነ ወሬው ሁሉም ቤት ይደርስ ነበር። ያን ሰሞን በጭነት መኪና የፈረንጅ ጫጩት መጣ ተባለ። እናቴ የአንድ ሰሞን ቅቤዋን ሸጣ ሄደችና በካርቶን ይዛ ተመለሰች። ነጫጭ ናቸው። የሐበሻ ጫጩት እናቱ ክንፍ ሥር ገብቶ ነው የሚያድገው፤ እነዚህ ግን እናት የላቸውም። ሌላ ሥራ የሌላቸው ይመስል ከጠዋት እስከ ማታ ይንጫጫሉ። እናኑ ባቄላ እሸቷን እየፈለፈለች አጠገባቸው ትቀመጥና ለሁሉም ስም ታወጣለች። አንዷን «ሙሽሪት» ትላታለች፤ አንዱን ደግሞ ብቻውን ጥግ ስለሚቆም «ቄሱ» አለችው።

እናቴ አስቀድማ ግንባራቸውን በጥላሸት ቀባቻቸው። ያኔ የሚያምር ነገር ሁሉ ይቀባል፤ ጥጃም ሕፃንም። ዓይን የሚያርፈው መጀመሪያ ጥላሸቱ ላይ ነው፣ ክፋቱም እዚያው ይቀራል ይባላል። እናኑ «እኔንስ?» ብላ ፊቷን አስጠጋች። እናቴ እየሳቀች በጣቷ ግንባሯ ላይ አንድ ነጥብ አደረገችላት።

በማግስቱ ጎረቤታችን እትዬ ዘሃራ መጣች። አጥራችን አንድ ነው፤ እሳት እንዋዋሳለን፤ በሞትም በሰርግም አንለያይም። ባሏ ሞቶባት፣ ልጅ ሳይሰጣት፣ ብቻዋን የምትኖር ረጅም ሴት ነበረች። ካርቶኑ ላይ ጎንበስ አለችና ሁለት እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«ማሻአላህ! ማሻአላህ! ወርቄ፣ አበባ አይመስሉም እንዴ?»

«እግዜር ካሳደጋቸው» አለች እናቴ፤ ነጠላዋን በቀስታ ሳብ አድርጋ ሸፈነቻቸው።

«እንዲህ እየጮሁማ አያድጉም። በርዷቸዋል። እኔ ጋ ያለችው ቀይ ዶሮ እቅፍ ላይ ናት፤ ከእንቁላሏ አልነሳም ብላ አስቸግራኛለች። ሲመሽ ቀስ አድርገን ከሥሯ ብንከታቸው የኔ ናቸው ብላ ታሳድግልሻለች። ዶሮዋንም ጀባ ብዬሻለሁ፣ ውሰጃት።»

እናቴ «አይ፣ ለምን አንቺን ላስቸግር» አለች። ፊቷ ግን ተለውጦ ነበር።

እትዬ ዘሃራ ከወጣች በኋላ እናቴ ወደኔ ዞረች። «አየሽልኝ? ልጅ የሌላት ሴት፤ በዶሮዋ ሰበብ ሁሉንም እጇ ልታስገባ።»

«ማሻአላህ ብላለችኮ፣ እማዬ።»

«አፍ ያለውን ዓይን ላይለው ይችላል።»

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ «ሙሽሪት» ሞተች። የአንድ ቀን ጫጩት በብርድ እንደሚሞት አሁን ሕፃን ልጅም ያውቀዋል። እናቴ ግን ጫጩቷን በእጇ ይዛ ወደ እትዬ ዘሃራ አጥር አየች። ከዚያ ተነስታ ካርቶኑን ወደ ጓዳ አስገባችው። ትንሿን መስኮት በማዳበሪያና በጭድ ደፈነቻት። በግድግዳው ላይ ብርሃን የሚያሳየውን ስንጥቅ ሁሉ በእበት ለሰነችው። እኔ እበቱን በባልዲ አቀብላታለሁ፤ እናኑ ከውስጥ ሆና ቀዳዳ ትፈልግልናለች። «እዚህ ጋ ሰማይ ይታየኛል!» ትላለች፤ እናቴ ትደፍነዋለች። «እዚህ ጋም!» እሱንም ትደፍነዋለች። ጨዋታ መስሏት ነበር። በመጨረሻ «አሁን ምንም አይታየኝም!» ብላ አጨበጨበች።

በማግስቱ ገበያ ነበር። ጫጩቶቹ ከጎህ ጀምሮ ያለቅሳሉ። እናቴ ከቆላ በአህያ የሚመጣውን ከሰል በሸክላ ምድጃ አቀጣጠለችና ጓዳ አስገባችው። እናኑ ትንሽ ጉንፋን ቢጤ ይዟት ስለነበር «አንቺ እዚሁ ሙቀት ላይ ሆነሽ ጠብቂያቸው፤ ፍም ወደ ጭዱ እንዳይፈናጠር» አለቻት። የጓዳውን በር ገጠመችው።

እኔና እናቴ ነጠላችንን እያጣፋን ደጅ ቆመን ነበር። ቀስ በቀስ ጩኸቱ እየቀነሰ መጣ። ከዚያ ጨርሶ ቆመ። ሁለት ቀን ሙሉ ጆሯችንን የበላው ጩኸት ቆመ። እናቴ እጄን ያዝ አደረገችኝና ፊቷ በራ።

«ሰማሽ? ሞቃቸው። ተመስገን!»

እሷ ወደ ገበያ ወጣች፤ እኔ ማድጋዬን አዝዬ ወደ ምንጭ ወረድኩ። ያቺ የእናቴ ፊት፣ ጉም መሀል ቆማ የበራችው፣ ከሁሉም በላይ አሁን ድረስ የምታሳድደኝ እሷ ናት። የእናኑ ፊት እንኳ እንደዚያ አይመጣብኝም።

ከምንጭ ስመለስ ገና ከደጅ ሆኜ ተጣራሁ። «እናኑ! ነይ አውርጅኝ!» መልስ የለም። ማድጋውን ራሴው አውርጄ የጓዳውን በር ስከፍተው ሙቀቱ ፊቴን መታኝ። ጭስ የለም፤ የተቃጠለም ነገር የለም። ፍሙ አመድ ለብሶ በቀስታ ይነዳል። ጫጩቶቹ አንዱ ባንዱ ላይ ሆነው የተከመረ ጥጥ መስለዋል። እናኑ አጠገባቸው ተኝታ ነበር፤ ጉንጯ ቀልቷል፣ «ቄሱን» በመዳፏ ይዛዋለች። በጣም ያማረባት መሰለኝ። ስነካት ግን እጇ እንደ ጨርቅ ተዘረጋ።

እንዴት እንደጮህኩ አላውቅም። እትዬ ዘሃራ አጥሩን ጥሳ ገባች። እናኑን አንስታ ዝናቡ ላይ አወጣቻት፤ ውሃ ረጨችባት፤ ደረቷን እያሸች «ያረቢ፣ ያረቢ፣ ተንፍሽ የኔ ልጅ» ትላለች። ሰው ተሯሩጦ ሲደርስ ያየው ይህን ነው። እናኑ ዓይኗን ሳትከፍት በዘሃራ ክንድ ላይ፣ የዘሃራ ፊት ከፊቷ በላይ። የግንባሯ ጥላሸት በዝናቡ ወደ ቅንድቧ ወርዶ ነበር።

እናቴን ከገበያ አመጧት። መጀመሪያ የገባችው ወደ ልጇ ሬሳ አልነበረም፤ ወደ ጓዳው ነበር። ምን እንደፈለገች እንጃ። ቆይታ ግድግዳ እየያዘች ወጣችና ደጃፉ ላይ አስመለሳት። ከዚያ ጣቷን አነሳች።

«በላቻት» አለች። «ጫጩቶቼን በላች፣ ልጄን በላች።»

ለቅሶው ላይ ሴቶቹ «ማሻአላህ አላለችም» ይሉ ጀመር። «ብላለች፣ እኔ ሰምቻለሁ» አልኩ። አክስቴ ጭኔን ቆንጥጣ «በእናትሽ ሐዘን ላይ አትጨምሪባት» አለችኝ። እትዬ ዘሃራ ንፍሮ ይዛ መጥታ ከድንኳኑ ውጭ ቆመች። ሳህኑን የሚቀበላት አጣች፤ ዞር በይ የሚላትም ቦታ የሚለቅላትም የለም። ዝናቡ ሲመታት ቆይታ ተመለሰች። መስቀል ሳይደርስ ቤቷን ትታ አጅባር ወንድሟ ጋ ሄደች። ቀይዋን ዶሮ አጥራችን ላይ አስራልን ነበር የሄደችው። እናቴ አልነካትም፤ ጭልፊት ወሰዳት።

ዓመታት አለፉ። እኔም አገባሁ፣ ወለድኩ፤ እናቴ አርጅታ እኔ ጋ ጠቅልላ ገባች። አንድ ቀን የጤና ኤክስቴንሽኗ ልጅ እየዞረች ስታስተምር ቤታችን ገባችና፣ ከሰል በተዘጋ ቤት ውስጥ እንዳይነድ፣ ሽታ የሌለው መርዝ እንዳለው፣ ሰው እንደተኛ እንደሚቀር ነገረችን። እናቴ ቡና ቁርሱን፣ የገብስ ቆሎዋን፣ ትቆረጥማለች። ልጅቷ እስክትወጣ ጠብቄ «እማዬ፣ ሰማሽ?» አልኳት።

«አውቃለሁ።»

«ምኑን?»

«ያን ቀን ጓዳው ስገባ ራሴ ዞረ። ጉልበቴ ከዳኝ። ዓይን እንዲህ አያደርግም። ያኔውኑ አውቄዋለሁ።»

«ታዲያ እትዬ ዘሃራን…»

ቆሎውን ወደ ሳህኑ መለሰችው። «ዓይን ካልሆነማ እኔ ነኝኮ የገደልኳት። ቀዳዳውን በእጄ ደፍኜ። አንቺን እያሳደግሁ፣ አባትሽን እያየሁ፣ በምን አቅሜ እችለው ነበር? አንዳችን መሆን ነበረብን። ለለቀስተኞቹ እሷን ሰጠኋቸው።»

ከዚያ በኋላ ስለዚህ ነገር አንስታ ሳትናገር አረፈች። አልፈርድባትም። ልጅ ከወለድኩ ወዲህ የምፈራው ልጆቼ አንድ ነገር እንዳይሆኑ ብቻ አይደለም። እኔስ በዚያች ሰዓት ጣቴን ወደ ማን አነሳ ይሆን ብዬም እፈራለሁ። አንዳንዴ ጎረቤቶቼን ቡና ላይ ሳያቸው ይህ ሐሳብ ይመጣብኝና ቀና ብዬ ማየት ያቅተኛል።

ትግስት እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። አክስቷ በዓይን እንደሞተች ነበር የምታውቀው፤ ቤተ ዘመዱ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚያወራው። ምድጃውን እዚያው ደጅ ተወችውና መስኮቱን ከፈተችው። ካርቶኑን በጭድ ሞልታ፣ በጄሪካን የሞቀ ውሃ አድርጋ፣ መሀላቸው ከተተችላቸው። ከዚያ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች አጠገቤ ተቀመጠች።

«ለእትዬ ዘሃራ ማን ነገራት?» አለችኝ።

ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። እኔም ራሴን ጠይቄ አላውቅም።

«ማንም» አልኳት።

በሕይወት ካለች ዛሬ ዱላ የምትይዝ አሮጊት ናት። ከዚያን ቀን ጀምሮ በዚያ በአጅባር ስለ ራሷ ምን ስታስብ ኖራ ይሆን እላለሁ። የጎረቤት ሕፃን አቅፋ እንድትስመው ሲሰጧት ምን ትል ይሆን? ያበበ የባቄላ ማሳ አጠገብ ስታልፍ፣ አዲስ የተወለደ ጥጃ ስታይ፣ ያ ሁለት እጇን አፏ ላይ አድርጋ የምትደነቅ ሴት ፊቷን ታዞር ይሆን?