እማዬን ልታፈናቅል የነበረችው ስንጥቅ

ትናንት ጠዋት እናቴን ከገዛ ቤቷ ላስወጣት አንድ ቀን ብቻ ነበር የቀረኝ... እንዴት እንደተረፍን ልንገራችሁ፤ እኔ እስካሁን ራሴን አላረጋጋሁም።

አዋሽ ሰባት ኪሎ ነው የምንኖረው፤ እኔና እማዬ ብቻ። ቤቱን አባዬ፣ አላህ ይዘንለትና፣ ባቡር ጣቢያ ይሠራ በነበረ ጊዜ ያሠራው ነው። የድንጋይ ግድግዳ ነው፣ ከውጭ በሲሚንቶ የተለሰነ። ረመዳን ሲቃረብ ያ ልስን ኖራ ካልተቀባ እማዬ ጾሙ የሚያዝላት አይመስላትም።

መሬቱ ሲንቀጠቀጥ የከረመበትን ጊዜ ታስታውሳላችሁ። ቤታችን አልተነካም፣ አልሐምዱሊላህ ስንል ከርመን፣ የዛሬ ሦስት ሳምንት በጓሮ በኩል ከመስኮቱ ጥግ ተነስታ ወደ ታች የምትወርድ ስንጥቅ አየሁ። ክር የምታክል ቀጭን ናት።

እኔ ደግሞ ስፈራ አርፌ መቀመጥ አልችልም። የበሩን ቁልፍ አወጣሁና ጫፉን ከተት አደረግኩት... ትንሽ ገባ። ነገ ደግሞ እናያለን አልኩ። በነጋታው ሳየው ጨምሯል። ከዚያማ ሱስ ሆነብኝ። ሱብሂ ሰግጄ እንደጨረስኩ ቁልፌን ይዤ ወደ ጓሮ ነው። በሳምንቱ የቁልፉ ግማሽ ገባ፤ ከዚያ እስከ አንገቱ።

ወሬው ሰፈር ውስጥ ተሰማ። ሊያጽናና የመጣ ጎረቤት ሁሉ «ከክፉ ይሰውራችሁ» እያለ ወደ ጓሮ ይዞራል። አንዱ በጣቱ፣ አንዱ በማንኪያ እጀታ ይለካና ከንፈሩን መጥጦ ይሄዳል።

ሰመራ ለሚሠራው ታላቅ ወንድሜ ለጀማል በየቀኑ እየደወልኩ «ዛሬም ሰፍቷል» እለዋለሁ። እሱ ምን ያድርግ፣ ደነገጠ። እማዬ እዚያ ጣሪያ ሥር እንዳታድር አለኝ። እሱ ጋ አንድ ክፍል አዘጋጀላት፤ ቅዳሜ መኪና ይዞ ሊመጣ፣ ቤቱም ሰው ላይ ሳይወድቅ ሊፈርስ ተነጋገርን።

እማዬ እንቢ አላለችም። የከፋኝ ይሄ ነው፤ ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ዝም ብላ ልብሷን እያጠፈች ሻንጣ ውስጥ መክተት ጀመረች። ግቢ ውስጥ አልጋ ዘርግተን ስንተኛ ፊቷን ወደ ቤቱ አዙራ ነው የምትተኛው። ሰመራን የምታውቀው በእንግድነት ነው፤ ሦስት ቀን ካደረች አራተኛው ቀን ላይ አዋሽ አዋሽ ይላታል። በዚህ ዕድሜዋ እንደ አዲስ ጎረቤት ልትለምድ ነው እያልኩ ተደብቄ አለቀስኩ።

ትናንት ጠዋት ጋሽ ደምሴን ጠራሁት። ለሳኝ ነው፤ ሰፈራችን ውስጥ እጁ ያላረፈበት ቤት የለም። የጠራሁት ግን ሊጠግንልን አልነበረም። ቤቱ ከመፍረሱ በፊት በርና መስኮቱ ሳይሰበር እንዴት እንደሚነቀል ሊነግረኝ ነው።

ስንጥቁን ሲያይ የመጣበትን ረሳው። መዶሻውን ገልብጦ በእጀታው ግድግዳውን ያንኳኳል፣ ጆሮውን ያስጠጋል፣ ደግሞ ያንኳኳል። ስንጥቁ አጠገብ ድምፁ እንደ ባዶ ጣሳ ነው፤ ራቅ ሲል ግን ደፈን ያለ ነው። እኔ ቁልፌን ጨብጬ አጠገቡ ቆሜያለሁ። እማዬ ሙስበሃዋን ትቆጥራለች።

ከዚያ በመሮ መታ መታ ሲያደርገው ትሪ የሚያክል ልስን ተገንጥሎ ወደቀ። እማዬ ዓይኗን ጨፈነች። ከሥሩ ድንጋዩ ወጣ... አንድም ጭረት የለበትም። በድንጋዮቹ መሃል ያለው ሲሚንቶ እንኳ እንደተሠራ አለ።

«እትዬ ፋጡማ፣ ቤትዎ ደህና ነው» አለ። «ፀሐዩ ልስኑን ከድንጋዩ አላቆት ነው እንጂ ግድግዳው አልተሰነጠቀም።»

እማዬ እዚያው ደረጃው ላይ ቁጭ አለች።

እኔ ግን መች ዝም እላለሁ! በየቀኑ ሲሰፋ በዓይኔ አይቻለሁ ብዬ ተከራከርኩት። ጋሽ ደምሴ የወደቀውን ልስን አነሳና ጠርዙን አሳየኝ። ከላይ እስከ ታች ተፍቋል። ከግድግዳው ሥርም የሲሚንቶ ዱቄት ተከምሯል።

«በራሱ የሰፋ ስንጥቅ እንዲህ አይሆንም። ማነው በብረት ሲቆፍረው የከረመ?»

እማዬ ቀስ ብላ እጄን አየች። ቁልፉን እንደያዝኩት ነኝ፤ ጥርሶቹ መሃል ሲሚንቶ ሞልቷል። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ አልኩ።

የእማዬ ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ። እያለቀሰች መስሎኝ ላቅፋት ስጠጋ... ለካ እየሳቀች ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ጥርሷን ያላየሁት ሴትዮ በሳቅ ፈረሰች። «ልጄ፣ ቤቴን በቁልፍ ልታፈርሺው ነበር?» አለችኝ። እኔም እየሳቅኩ እንባዬ ወረደ።

ለጀማል ስደውልለት አልሐምዱሊላህ አለና ቀጥሎ ሰደበኝ። ሲያንሰኝ ነው።

ዛሬ ማለዳ፣ ፀሐዩ ሳይበረታ፣ ጋሽ ደምሴ የላላውን ሁሉ አራግፎ፣ ድንጋዩን ውሃ አጠጥቶ አዲስ ልስን መታበት። እርጥብ ጆንያ አልብሰነዋል፤ በዚህ ሙቀት ቶሎ ከደረቀ መልሶ ይሰነጠቃል። ሰባት ቀን ጠዋትና ማታ ውሃ ማጠጣት የእኔ ድርሻ ሆኗል፤ እማዬ ግን ጓሮ ብቻዬን እንዳልሄድ ከልክላኛለች።

ያን ሁሉ የመሬት መንቀጥቀጥ የቻለ የአባዬ ግድግዳ፣ የሴት ልጁን ጭንቀት ሊችል አልነበረም።