ጋሼን የሚመታ ጠፋ

ሽንፋ ውስጥ መረብ ኳስ ለመጫወት ሁለት ነገር ያስፈልግ ነበር፤ ከፀሐይ ቀድሞ መነሳትና ቀልድ መቻል። ሁለቱንም እችልበታለሁ። በዘጠናዎቹ መጀመሪያ በመምህርነት ተመድቤ ከጎንደር የወረድኩ ሰሞን፣ ገና የቤቴን በር ሳላስጠግን ሜዳው ላይ ተገኘሁ። ሜዳ ይባል እንጂ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ያለ ዋልካ መሬት ነበር፤ በበጋ ስንጥቁ እግር ይውጣል፣ በክረምት ጭቃው ጫማ ይቀማል። መስመሩን በአመድ እናሰምራለን፣ ነፋስ ሲወስደው ደግሞ ኳሷ ገባች አልገባች እያልን እንጨቃጨቃለን። ልጫወት ስል ማንም አልተቃወመኝም። የሰሊጥ አጨዳ ደርሶ ግማሹ ሠራተኛ እርሻው ላይ ስለሚውል ስድስት ሰው ማሟላት ጭንቅ ነበርና ሴትነቴን የሚያይ አልነበረም።

ሰውነት ማሟሟቅ የሚባል ነገር ግን አያውቁም። አምበላችን ሃምሳ አለቃ ፖሊስ ነበር፤ «እዚህ አገር ፀሐይዋ ታሟሙቀናለች» ብሎ ሳቀብኝ። እኔ ኮሌጅ ሳለሁ ለቡድን የተጫወትኩ ሰው ነኝ፣ ምላሴም አጭር አይደለም። «ፀሐይ ጀርባ ታሞቅ ይሆናል እንጂ እጅ አታስተምርም» ብዬ ሁለት ሁለት አድርጌ ፊት ለፊት አቆምኳቸው። አንዱ ይመታል፤ ሌላው በክንዱ ተቀብሎ ከፍ ያደርግለታል፤ የመጀመሪያው በጣቱ ያቀብለዋል፤ አሁን ደግሞ ያኛው ይመታል። ኳሷ መሬት ሳትነካ እንዲህ ትመላለሳለች። መጀመሪያ አላገጡ፣ ቀጥሎ ለመዱት፣ በመጨረሻ ያላሟሟቀ ሰው ላይ እነሱው መጮህ ጀመሩ።

ችግሩ ጋሼ ነበሩ። ጋሼ የጤና ጣቢያው ድሬሰር ናቸው፤ ቁስል የሚያጥቡ፣ መርፌ የሚወጉ፣ ጡረታ አፋፍ ላይ የደረሱ ሰው። ከተማው በሙሉ «ጋሼ» ነበር የሚላቸው። ወባ ያልጎበኘው የሽንፋ ሰው የለም፤ ወባ የጎበኘው ሁሉ ደግሞ ሱሪውን ዝቅ አድርጎ ጋሼ ፊት ቆሟል። እና ማን ይምታቸው? ከእሳቸው ጋር የተጣመረ ሁሉ ኳሷን እንደ ትኩስ ዳቦ በሁለት እጁ ያስረክባቸዋል። አብሮን የሚጫወተው ገቢ ሰብሳቢ አንድ ቀን ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ዛሬ አጥብቄ መትቻቸው ነገ ቢያተኩሰኝ በየት በኩል ልቀመጥ ነው?» አለኝ።

የአብርሃ ጅራ ሰዎች ግን የጋሼን መርፌ አያውቁትም። እኔ ከመምጣቴ በፊት በነበረው ዓመት ለግጥሚያ መጥተው፣ ሰርቩን ሁሉ በጋሼ ላይ አዘነቡት አሉ። ጠንካራ ኳስ ገጥሟቸው የማያውቀው ሰውዬ አንዷን ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ አንዷን ወደ ገበያ ሲሰዱ ሰው በገዛ ሜዳቸው ሳቀባቸው። ሃምሳ አለቃ ይህ እንዲደገም አልፈለገም። በእኛ አገር ደግሞ ሽማግሌ «ይውጡልን» አይባልም፤ ስለዚህ የክብር ወንበር ታሰበላቸው። ዘንድሮ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ቡድኑን «እንዲመሩ» ተወሰነ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው፤ ወንበሩ ምን ማለት እንደሆነ ማንም አልጠፋውም፤ ጋሼም አልጠፋቸውም።

አንድ ማለዳ ሌሎቹ ሳይደርሱ ጠሩኝ።

«አንቺ ልጅ፣ ወባ ይዞሽ ያውቃል?»

«ኧረ አያውቅም፤ ምነው ጋሼ?»

«እንግዲያው መርፌዬን አትፈሪም። ነይ፣ ከኔ ጋር ተጣመሪና ምቺኝ።»

«ምን አሉ?»

«ምቺኝ እንጂ! እነዚህ አክብረው ሊቀብሩኝ ነው። ወንበር ላይ ያስቀመጡት ሽማግሌ ተመልሶ አይነሳም። ጡረታዬ ሰኔ ላይ ነው፤ እስከዚያ እንኳ በእግሬ ልቁም።»

ድምፃቸው ውስጥ ልመና አልነበረም፤ ንዴት ነበር። ንዴት ደግሞ እኔ የምወደው ቋንቋ ነው። ወደ ኋላ ተራመድኩ፣ ኳሷን ወደ ላይ ወረወርኩ፣ ባለ በሌለ ጉልበቴ መታሁ። ደረታቸውን አገኘቻቸውና «ጧ» የሚለው ድምፅ እስከ መኪና መንገዱ ተሰማ። በረንዳ ሥር የእርሻ መኪና ሲጠብቁ የነበሩ የጎጃምና የወሎ የቀን ሠራተኞች ከተቀመጡበት ብድግ አሉ። አንደኛው «ኧረ በሕግ አምላክ! ልጂቱ ሽማግሌ ትመታለች!» ብሎ ጮኸ። ጋሼ ደረታቸውን እያሹ «ድገሚ» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ በከተማው ውስጥ ስሜ ባለጌ ሆነ። ሻይ የምትሸጠው ሴትዮ ሻዬን ስትቀዳልኝ ዓይኔን አታየኝም። እኔ ግን ሥራዬን አውቃለሁ፤ ሌሎቹ ሳይደርሱ በየማለዳው ከጋሼ ጋር ሜዳው ላይ እንገናኛለን። ጋሼ ኳስ ሲመጣባቸው እጃቸውን ያወዛውዛሉ፤ «አይሂዱባት፣ ትምጣልዎት» እላቸዋለሁ። ክንዳቸው ይገተራል፤ «ላላ ይበሉ» እላቸዋለሁ። ቀስ በቀስ ጉልበታቸው መታጠፍ፣ ክንዳቸው መዘርጋት ተማረ። ኳሷ አናቴ ላይ እንደ ቅጠል ስታርፍልኝ «ተማም!» ይላሉ፤ ከሱዳን ነጋዴ ጋር ተሻግራ የመጣች ቃል ናት፣ ደግ ነው ለማለት ነው። ተራው የእሳቸው ሆኖ ሲመቱኝ ግን ኳሷ ቀስ ብላ ክንዴ ላይ ትቀመጣለች። የዕድሜ ነገር ነው ብዬ አለፍኩት።

ኅዳር ላይ የወባ ተራዬ ደረሰ። እየተንቀጠቀጥኩ ጤና ጣቢያ ስገባ ገቢ ሰብሳቢው ሥራ ፈትቶ በመስኮት ሊያይ መጣ፤ የበቀሉ ቀን ደረሰ ተብሎ ነበር። ጋሼ መርፌውን ወደ ብርሃን አንስተው አዩና «በይ ላላ በይ፤ አንቺው አይደለሽ ያስተማርሽኝ?» አሉ። ትኩሳት ላይ ሆኜ ሳቅሁ። መርፌው መቼ እንደገባ አላወቅሁም።

በጥር ግጥሚያው ደረሰ። በሰሊጥ ጭነት መኪና ላይ ተሳፍረን ወደ አብርሃ ጅራ ስንሄድ ወንበሩም ከእኛ ጋር ተሳፍሯል። ሃምሳ አለቃ ሜዳው ዳር ካለች ዛፍ ሥር አስቀመጠውና «ጋሼ፣ ይረፉ» አለ። ጋሼ ጀላቢያቸውን አወለቁ፣ አጥፈው ወንበሩ ላይ አኖሩ፣ በቁምጣ ሜዳ ገቡ። ሃምሳ አለቃ ወደ እኔ ዞረ። «ምን ታየኛለህ? እንደኛ ቀድመህ ብትነሳ ታያቸው ነበር» አልኩት።

የመጀመሪያው ሰርቭ እንደተጠበቀው ወደ ጋሼ መጣ። ጉልበታቸውን ሸብረክ አደረጉ፣ ኳሷ ተነስታ እጄ ላይ ወደቀች። ሁለተኛውም እንዲሁ። ሦስተኛው ሲነሳ የሽንፋ ሰው ማጨብጨብ ጀመረ፤ እኔ በራሴ እንጂ በማንም እንዲህ ኮርቼ አላውቅም ነበር። ኋላ ደግሞ ጋሼ መረቡ ሥር ደረሱና ከፍ አድርጌ ያቀበልኳቸውን ኳስ መቱ። አመታታቸው! ኳሷ ከወዲያኛው ሰው ትከሻ ላይ ነጥራ ሕዝቡ ውስጥ ገባች። ሁሉም ሲጮህ እኔ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ያ እጅ ነው እንዴ ጠዋት ጠዋት እንቁላል እንደያዘ ሰው ኳስ ሲያቀብለኝ የከረመው?

የአብርሃ ጅራ ልጆች ሞኞች አይደሉም። አንዱ ቀዳዳ ሲደፈን ሌላ ፈለጉ፤ ያገኙትም እኔን ነበር። አንዷን ሳትኩ፣ ሁለተኛዋ ክንዴን ገርፋ ወጣች። ስንት ወር ሙሉ መምታት እንጂ ጠንካራ ኳስ መቀበል አልተለማመድኩም። ከዚያ በኋላ ወደ እኔ የምትመጣ ኳስ ሁሉ ከፊቴ ተነጠቀች፤ ጋሼ እየሮጡ ይሸፍኑኝ ጀመር። አሸነፍን። ጋሼን በትከሻ ተሸከሟቸው። ሃምሳ አለቃ ላቡን እየጠረገ ወንበሩን ራሱ ተሸክሞ ወደ መኪናው መለሰ።

በመልሱ መኪናው ላይ ሰው ሁሉ ሲዘፍን እኔ የተገረፈ ክንዴን እያሸሁ ተቀመጥኩ።

«ምነው ልጄ፣ አኮረፍሽ?» አሉኝ ጋሼ።

«ያ እጅ ጠዋት ጠዋት የት ነበር?»

ወደ ሰሊጡ ማሳ ዞሩ። «እምቢ ይለኛላ! ልጄን የመታሁ ይመስለኛል» አሉ።

እሳት ለበስኩ። «ልጅዎ አይደለሁም፣ ተጫዋች ነኝ። ሰው ለእርስዎ ሲሳሳ ምን እንዳደረገዎት ያውቁታል፤ ታዲያ እኔን እንዴት በዚያው ይቀጡኛል? ሰው እንዴት ባወቀው ይበድላል?»

ዘፈኑ ቆመ። ለሽማግሌ እንዲህ አይመለስም። ጋሼ አልተቆጡም፣ ይቅርታም አላሉ።

በማግስቱ ይመጣሉ ብዬ አልጠበቅሁም። ስደርስ ግን ኳሷን ይዘው ቆመዋል። ሰላምታ አልተሰጣጣንም። ኳሷን ወደ ላይ ወረወሯት፤ ስትመጣ አላየኋትም። በክንዶቼ መካከል አልፋ ሆዴ ላይ አረፈችና ዘፍ ብዬ ዋልካው ላይ ተቀመጥኩ። በአህያ ውሃ ጭነው የሚያልፉ ሴቶች «ኧረ ጋሼ፣ ልጂቱን ገደሏት!» ብለው ጮኹ። ትንፋሼ አልመለስ ብሎ ቀና ስል ጋሼ ሊያነሱኝ እየሮጡ አልነበሩም። ካሉበት ንቅንቅ አላሉም፤ ጉልበታቸውን ሸብረክ፣ ክንዳቸውን ዘርጋ አድርገው ኳሷን ይጠብቁ ነበር።

በዚያ ከተማ ሰው «መምህርት» እያለ ከመቀመጫው ሲነሳልኝ ኖሯል። እንደዚያን ጠዋት ግን የተከበርኩበት ቀን የለም። አፈሬን ሳላራግፍ ተነሳሁና ኳሷን መልሼ ወረወርኩላቸው።

«ይድገሙ» አልኳቸው።