ሁለተኛው ጉርሻ

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። የተማርኩትም እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። ዛሬ የወጥ ቤቱን መሳቢያ ሳጸዳ፣ ከማንኪያዎቹ ሥር በወረቀት የተጠቀለሉ ሁለት ቀጫጭን የመብያ እንጨቶች አገኘሁ። አሸተትኳቸው። የከሰልና የተጠበሰ ዓሣ ሽታ ያላቸው መሰለኝ፤ ግን ከወረቀታቸው ወጥተው አያውቁም።

ከዓመታት በፊት፣ ሜልቦርን ዳር ዌሪቢ፣ ሰላጣ በምናሽግበት መጋዘን፣ ከጎኔ የምትቆም ጃፓናዊት ነበረች። ሜልቦርን ዘጠኝ ዓመት ኖራለች። የሁለታችንም እንግሊዝኛ ስብርባሪ ስለነበር እሷ ፊት አላፍርም ነበር። ሌላ ጓደኛ አልነበረኝም። እናቷ ታመው አገሯ ልትመለስ ስትል፣ በመጨረሻው የሥራ ቀናችን "ከመሄዴ በፊት ከተማዬን ላሳይሽ" አለችኝ።

አብሬያት ለምኖር አክስቴ ደውዬ፣ ጃፓን ምግብ ቤት ልንሄድ እንደሆነ ነገርኳት።

"ጥሬ ዓሣ ልትበዪ? ምን ጎድሎብሽ!"

"አክስቴ፣ ክትፎስ ጥሬ አይደል?"

"ክትፎ ቅቤ አለው!" ብላ ዘጋችው።

ክረምት ነበር፤ ባቡሩ መሀል ከተማ ሲያደርሰን ገና በአሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ጨልሟል። ቀይ የወረቀት ፋኖስ ወደተሰቀለበት ጠባብ መንገድ አስገባችኝ። አስፋልቱ ዝናብ ጠጥቶ ፋኖሱን መልሶ ያሳያል። ከፎቅ ላይ ጩኸት ሰምቼ ቆምኩ።

"ሰው እየደበደቡ ነው?"

"እየዘፈነ ነው። በር ዘግተው የሚዘፍኑበት ክፍል ነው።"

"ለምን ይዘጉታል?"

"አልሰማሽውም እንዴ?"

ከዚያ ስምንት ወንበር ብቻ ያላት ቤት ገባን። ምግብ ሠሪው ፊት ለፊታችን ዓሣ እየቆረጠ ይጠብሳል። የእንጨቶቹን አያያዝ አሳየችኝ፤ ደጋግሞ አመለጠኝ። በመጨረሻ አንድ ጥሩ ቁራጭ ያዝኩ። ምሽቱን ሙሉ አንድ ነገር ልነግራት ፈልጌ ቃል አጥቼ ነበር። ቁራጩን ወደ እሷ ዘረጋሁት።

በእንጨቶቿ ልትቀበለኝ እጇ ተነሣና መሀል ላይ ቆመ። ፊቷ ተለወጠ። ምግብ ሠሪውም ቢላውን አቆመ።

"እኛ ከእንጨት ወደ እንጨት የምንቀባበለው አጥንት ነው" አለችኝ ቀስ ብላ። "የሞተ ሰው ከተቃጠለ በኋላ፣ አጥንቱን ቤተሰቡ ያነሣል።"

የታመሙት እናቷ ትዝ አሉኝ። ዓሣው ሳህኑ ላይ ወደቀ። መሬት ብትከፈት እገባ ነበር።

"እኛ ዘንድ ጉርሻ ነው" አልኳት። "ወደ አፍ ነው። ለሚወዱት ሰው ነው።"

እንጨቶቿን አስቀመጠችና አፏን ከፈተች። ቁራጩን አንሥቼ በጣቶቼ አጎረስኳት። ከንፈሯ ቀዝቃዛ ነበር። ምግብ ሠሪው ሳቅ ብሎ ወደ ቢላው ተመለሰ።

"አንድ ጉርሻ ያጣላል ይባላል፤ ሁለተኛ አለ" ብዬ ሌላ ሳነሣ ግን አፏን በእጇ ሸፈነች።

"እሱ ይቆይ" አለች። ከጠረጴዛው አዲስ እንጨቶች አንሥታ ኪሴ ውስጥ ከተተች።

የሰጠችኝ ስልክ ቁጥር አሁን አይሠራም። እናቷ ይዳኑ፣ ይሙቱ አላውቅም። ያን ምሽት ወደ ሰፈሬ ወደ ሰንሻይን በሚሄደው ባቡር አሳፍራኝ ውጭ ቆመች። በሩ ሊዘጋ ሲል ጎንበስ ብላ፦

"አገሬ እስክትመጪ ድረስ ተጣልተናል" አለችኝ።