አሚን ያልኩበት ምንጭ

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። ሌላ ሌላውን እደረድርና እዚህ ስደርስ አፌ ይያዛል። ዛሬ ግን ስሙኝ፤ የእትዬ ዘሀራን ምንጭ ያደረቅኩት እኔ ነኝ።

ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመት ቢሆነው ነው። ከመካነ ሰላም ወጣ ብላ ካለች ማሳዬ ገብስ እዘራለሁ፣ ውርጭ ይመታዋል፣ በዓመቱ ያንኑ እደግማለሁ። ኑሮ አልገፋ አለኝ። ድንበርተኛዬ እትዬ ዘሀራ፣ ባላቸው የሞቱባቸው ሴት፣ አንድ ቀን ከጎመናቸው ቀና ብለው፣ "አንተ ልጅ፣ ገብሱ እምቢ ካለህ ምን ሙጭጭ አልክበት? ሌላ ሞክር እንጂ!" አሉኝ።

ሞከርኩ። ባሕር ዛፍ ተከልኩ። የት? ከምንጫቸው ራስጌ፣ እርጥበቱ ካለበት። ውሃ እንደሚጠጣ አላውቅም ነበር? አሳምሬ አውቅ ነበር። አባቴ ከምንጭ አጠገብ እንዳልተክል እያስጠነቀቀ ነው ያሳደገኝ። እያወቅኩ ተከልኩ።

ዛፉ ሲመዘዝ ምንጩ ቀጠነ። ከተማው ቤት መሥራት ይዞ ነበርና አጣናዬ ተሸጠ፤ እኔ ቆርቆሮ ቤት ስገባ የእሳቸው ጎመን ደረቀ። "ምን ነካው ይሆን?" ሲሉኝ "ዝናቡ አንሶ ነው" አልኳቸው።

ከዚያ ዱአ አስደረጉ። እንደ አገራችን ልማድ ክርስቲያኑም እስላሙም ተጠራ። እኔም ሄድኩ። "ያ አላህ፣ ውሃችንን መልስልን" ሲባል ከጎናቸው እጄን ዘርግቼ አሚን አልኩ። ከሁሉም ጮክ ብዬ አሚን አልኩ! ምን ዓይነት ሰው ነኝ? ሲያበቃ እጄን ይዘው፣ "አላህ ያክብርህ፣ ለኔ ብለህ መጣህ" አሉኝ።

ምንጩ ጨርሶ ሲነጥፍ ልጃቸው ደሴ ወሰደቻቸው።

ይናፍቁኛል። ጠዋት ጠዋት ከድንበሩ ማዶ "አደርክ ወይ?" የሚለው ድምፃቸው ይናፍቀኛል። ቤት ሠርቼ የሚጠራኝ ሰው አጣሁ። ዛፉን ቆረጥኩት፤ ከጉቶው አቆጠቆጠ። ነቀልኩት፤ ውሃው ግን አልመጣም።

ከደሴ ሰው በመጣ ቁጥር፣ "ምንጩ ተመለሰ ወይ? ከተመለሰ እመጣለሁ በሉት" ብለው ይልኩብኛል። እኔም "ኢንሻ አላህ፣ ዝናቡ ይስተካከል" እያልኩ እመልሳለሁ። እሳቸው ሌላ ሞክር አሉኝ እንጂ ውሃዬን ውሰድ አላሉኝም። ምን ብዬ ነው የማመካኘው?

ዛሬም መልእክተኛ መጥቶ ደጄ ቁጭ ብሏል። ነገ አብሬው ተሳፍሬ ራሴ እነግራቸዋለሁ። ይቅር ባይሉኝ አልቀየማቸውም። የምፈራው አንድ ነገር ነው፤ ከበር ላይ ሲያዩኝ ምንጩ የተመለሰ ይመስላቸዋል።