መብራቷ ስትበራ እኔ ነኝ

ከድሬዳዋ የወጣሁበት ቀን ዋዜማ ምሽት ግቢያችን ውስጥ ቤት የገባ ሰው አልነበረም። ሙቀቱን ታውቁታላችሁ። አልጋውም ፍራሹም ደጅ ወጥቷል። አባዬ ሽርጡን አገልድሞ የሽቦ አልጋው ላይ ጋደም ብሏል፣ ጎረቤታችን ፋጤ ልብሴን እያጣጠፈች ሻንጣ ውስጥ ትከትልኛለች፣ ልጆቿ ይሯሯጣሉ፣ የማዶው ግቢ ቴሌቪዥን ይጮሃል። እኔ መሀላቸው ቆሜ አለቅሳለሁ። የምሠራበት መሥሪያ ቤት የድሬን ቅርንጫፍ ዘግቶ «ወይ አዲስ አበባ ተዛወሪ፣ ወይ ተሰናበቺ» ብሎኝ ነው የምሄደው። በአርባ ዓመቴ ሌላ ሥራ ከየት አመጣለሁ?

ስደት ስል የምትስቁብኝ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ባሕር አልተሻገርኩም፣ ፓስፖርት አላወጣሁም። የተሰደድኩት ካዛንችስ ነው። ግን ሰው ከለመደው ነገር ሁሉ ተነቅሎ ማንም የማያውቀው ቦታ ሲተከል ሌላ ምን ይባላል? ስሙን እናንተ አውጡለት።

አባዬ ያን ምሽት አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቀኝ። «ሮሚ፣ ማታ ማታ ደውዪልኝ» አለኝ። «እደውላለሁ» አልኩት። ሁለታችንም ያላነሳነው ነገር ቢኖር የሱ ጆሮ ነው። አባዬ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ከጮኹለት ይሰማል፤ ስልኩ ሲጠራ ግን አይሰማም። እኔ እያለሁ እኔ ነበርኩ የማነሳለት። ፋጤ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ገበያ ናት፣ ማታም ደክሟት ነው የምትገባው።

አውቶቡሱ ጎህ ሲቀድ ተነሳ። አዋሽ ድረስ ላብ፣ አዳማ ላይ ነፋስ፣ አዲስ አበባ ስንገባ ዝናብ። ሁሉም ሰው ሹራብ ለብሷል፤ እኔ ባለ ነጠላ ጫማ ነኝ። መናኸሪያው ላይ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ረዳት እግሬን አይቶ «እናት፣ ከየት ነው የመጣሽው?» አለኝ። ከየት እንደመጣሁ የጠየቀኝ የመጀመሪያውም የመጨረሻውም ሰው እሱ ነው።

ክፍል ያገኘሁት በካዛንችስና በኡራኤል መሀል ነው፤ ከዋናው ቤት ጀርባ ያለች ሰርቪስ። አከራይዋ እትዬ ዘነቡ ጡረታ የወጡ የመንግሥት ሠራተኛ ናቸው። በሩን ሲከፍቱልኝ በድሬ ወጌ «እንዴት ነሽ እናቴ፣ ክፍሉን አሳዪኝ» አልኳቸው። ዘወር ብለው ከኋላቸው ሰው ካለ አዩ።

«እኔን ነው ‹አንቺ› የምትዪኝ?»

«እኛ አገር ትልቁም ትንሹም አንቺ ነው፣ አትቀየሚኝ።»

«ይሄ ያንቺ አገር አይደለም» አሉኝና ሕጋቸውን ነገሩኝ። «ምድጃ አይሰካም። ካውያ አይሰካም። እንግዳ ከመሸ አይቆይም። ከሁሉ በላይ ጩኸት አልወድም።»

መተንፈስስ ይፈቀዳል ወይ ልላቸው ነበር፤ ዋጥኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እርስዎ ሆኑ።

መታወቂያ ላወጣ ወረዳ ስሄድ ደግሞ ከድሬ ያመጣሁትን መሸኛ የያዘው ልጅ ከወረቀቱ ቀና ብሎ «የቤት ቁጥር የለውም» አለኝ።

«እዚያ ሁሉም ሰው ቤታችንን ያውቀዋል» አልኩት።

«እዚህስ ማን ያውቅሻል?»

«ማንም።»

«በቃ፣ ለሱ ነዋ የቤት ቁጥር የሚያስፈልገው» አለኝ። ልክ ነው።

ምግቡን እንኳ ባልነግራችሁ ይሻላል። ጠዋት ፈጢራ አምሮኝ ኡራኤል ጋ አንድ ካፌ ገብቼ አዘዝኩ። የመጣልኝ ነገር ደርቋል፣ ማሩም ለምልክት ያህል ነው። ሰዎቹ ክፉዎች አይደሉም። ግን ሁሉም ይቸኩላል። ጠዋት ታክሲ ሰልፍ ላይ ስንት ቀን አብራኝ የቆመች ሴት ስሟን ብጠይቃት «ምነው?» አለችኝ። ድሬ ቢሆን በሁለተኛው ቀን ቤቷ ምሳ በልቼ ነበር።

ማታ ማታ እደውላለሁ። ይጠራል፣ ይጠራል፣ ይዘጋል። አንዳንዴ ፋጤ ደርሳ ታነሳዋለች፤ ያኔ ከአባዬ ጋር እየጮህን እናወራለን። እትዬ ዘነቡ አንድ ምሽት በሬን አንኳኩ።

«ከማን ጋር ነው የምትጣዪው?»

«ከአባቴ ጋር ነው እትዬ።»

«ከአባት ጋር እንዲህ ይጣላሉ?»

«እየተጣላሁ አይደለም። ናፍቆኝ ነው።»

ከዚያ በኋላ ስደውል መንገድ ላይ እወጣ ጀመር። ሚኒባሶቹ ያልፋሉ፣ እኔ ግንብ ተደግፌ «አባዬ፣ በልተሃል?» እያልኩ እጮሃለሁ።

ይህን ሁሉ ለሥራ ባልደረባዬ ለሳሚ ነገርኩት። ሳሚ የቢሯችንን ኮምፒውተሮች የሚጠግን፣ ሠላሳዎቹ ውስጥ ያለ የካዛንችስ ልጅ ነው። «ይሄማ ሲምፕል ነው» አለኝ። «ማለቴ፣ ጥሪውን ጆሮው ካልሰማ ዓይኑ ይየዋ። ስልኩ ሲጠራ ኤል ኢ ዲ የምትባል ትንሽ አምፖል የምታበራ ነገር ትሠሪለታለሽ፣ በቃ።»

«እኔ?»

«አንቺ ነሻ። እኔ ከሠራሁልሽ ሲበላሽ ማን ሊያስተካክለው ነው?»

ሜክሲኮ ካለ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ አንዲት ቦርድ ገዛልኝ። ማይክሮኮንትሮለር ይላታል፤ ከመዳፌ የማትበልጥ ነገር ናት። በዩ ኤስ ቢ ገመድ ከኮምፒውተር ጋር ትገናኛለች፣ ኮምፒውተሩ ላይ የጻፍኩላትን ትዕዛዝ ትይዛለች፣ ከዚያ ብቻዋን ታደርገዋለች። ቢሮ የምሳ ሰዓት ላይ እየተማርኩ ማታ ቤቴ በድሮው ላፕቶፔ እሞክራለሁ። ኮምፒውተሩ ቦርዷ የተሰካችበትን ፖርት ምረጪ ሲለኝ ሳቄ መጣ። ለድሬ ሰው ፖርት ያለው ጅቡቲ ነው።

የምመርጠው ፖርት ግን አልነበረም። ቦርዷን እሰካለሁ፣ ትበራለች፣ ኮምፒውተሩ ግን አላየኋትም ይላል። ከአንድ ሳምንት በላይ ታገልኩ። እንደ እኔ ናት አልኩ፤ መጥታለች፣ አለች፣ ማንም አያውቃትም። በመጨረሻ ሳሚ ገመዴን አየና ራሱን ያዘ። ከስልኬ ቻርጀር ላይ ያነሳሁት ገመድ ነበር።

«ይሄ እኮ ቻርጅ ብቻ ነው፤ ዳታ አያሳልፍም። ያበላታል እንጂ አያናግራትም።»

ገመዱን ቀየርኩ፣ ቦርዷ ታወቀች። ኤል ኢ ዲዋ ግን አሁንም አልበራ አለች። ለካ ሁለት እግሮቿ እኩል አይደሉም፤ ረጅሟ ወደ ፕላስ፣ አጭሯ ወደ ማይነስ ነው የምትገባው። እኔ ገልብጬያታለሁ። አስተካከልኳት፣ እንዳትቃጠል መሀል ላይ ሬዚስተር አስገባሁላት፣ ትዕዛዙን ላክሁ። ቀይዋ መብራት ብልጭ አለች። ጠፋች። ብልጭ አለች። ሕጉን ረስቼ እልል አልኩ።

እትዬ ዘነቡ ጋቢያቸውን እየጎተቱ መጡ። «ይሄ ምንድን ነው?»

«መብራት ነው እትዬ። ለአባቴ ነው።»

«ቆጣሪዬ ላይ ነው?»

«ከክብሪት ያነሰ ነው የምትበላው።»

አላመኑኝም። «እስቲ አጥፊው» አሉና ወጥተው ቆጣሪው ፊት ቆሙ። «አብሪው!» አሉኝ ከውጭ። አበራሁት። «አጥፊው!» አጠፋሁት። ግቢው ውስጥ ጩኸት ሲፈቀድ ያየሁት ያን ምሽት ብቻ ነው።

ቀጥሎ ሳሚ ድምፅ የምትሰማ ትንሽ ዕቃ አመጣልኝ። ቦርዷ ላይ ትገጠማለች፤ ድምፅ ስትሰማ ቦርዷ ኤል ኢ ዲዋን ታብለጨልጫለች። ጎኗ ላይ ያለችውን ትንሽ ብሎን በማዞር ምን ያህል ድምፅ እንደምትሰማ ይወሰናል። አባዬ ስልኩን የትም ነው የሚጥለው፤ ስለዚህ ከሩቅም እንድትሰማ ብዬ ብሎኗን አዞርኳት። ስልኬን ትራስ ሥር ከትቼ በሌላ ስልክ ደወልኩ፤ በራች። ሌላ ጊዜ ጭጭ። ፍጹም ናት አልኩ። ኩራቴን አልደብቃችሁም።

ድሬ ለሚወርድ ሰው ሰጥቼ ላክኋት። ፋጤ ቻርጀር ላይ ሰክታ ከአባዬ ወንበር ፊት ለፊት ግድግዳው ላይ ሰቀለችለት። «መብራቷ ስትበራ እኔ ነኝ፣ ስልኩን አንሳ» አልኩት። ያን ምሽት ስደውል ራሱ አነሳ። «በራች! ሮሚ፣ በራች!» አለኝ። መንገድ ላይ አለቀስኩ።

ከዚያ በየምሽቱ እያነሳ እያወራን ሁለት ሦስት ሳምንት አለፈ። አባዬ ደስ ብሎታል፣ ግን የሚያወራው ነገር አልገባኝ አለ። «አቦ አንቺ ልጅ፣ ሥራ የለሽም እንዴ? ቀኑን ሙሉ ስትደውዪ ትውያለሽ!» ይለኛል። «ሳነሳው ዝም ነው። ያው ኔትወርክ ነው። ግን አይቼሻለሁ፣ አታስቢ።» እኔ በቀን አንዴ ነው የምደውለው። እድሜ ነው፣ ተምታቶበት ነው ብዬ ሆዴ ባባ።

ፋጤ ናት የነገረችኝ። «ሮሚ፣ አባትሽ ከቤት መውጣት አቁሟል። ጓደኞቹ ዶሚኖ ሊጫወት ቢጠሩት ‹ልጄ እየደወለች ነው› ይላቸዋል። መብራቷ ፊት ቁጭ ብሎ ነው የሚውለው። ምሳውን እንኳ እዚያው ነው።» ይህን ስትነግረኝ ከኋላዋ ልጆቿ ይጯጯሃሉ፣ ሰው ይሳሳቃል፣ ባጃጅ ጥሩምባዋን ትነፋለች፣ ያ የማዶው ቴሌቪዥን አለ።

ያኔ ገባኝ። ብሎኗን ያስተካከልኳት እትዬ ዘነቡ ግቢ ውስጥ ነው፤ ሳል እንኳ ተፈቅዶ በሚሳልበት። ድሬ ደርሳ የሰማችው ግን ድሬን ነው። ልጅ ሲጮህ በራች፣ ፋጤ ስትስቅ በራች፣ ባጃጅ ሲያልፍ በራች። እዚህ ሌሊትም ቀንም ያንን ጫጫታ እየናፈቅኩ፣ እዚያው ድሬ እንዳለ መሆኑን እንዴት ረሳሁት?

ለፋጤ በቢላ ጫፍ ብሎኗን እንድታዞራት ነገርኳት። ልጆቹ ሲጮሁ ዝም እስክትል፣ ስልኩ አጠገቧ ተቀምጦ ስደውል ብቻ እስክትበራ፣ እየደወልኩ እየዘጋሁ ሞከርን። አባዬ እንዲወጣ፣ ከሰው እንዲቀላቀል ብዬ ነው። ተስተካከለች።

በማግስቱ ከሥራ ስወጣ እዚያው ግንብ ጋ ቆሜ ደወልኩ። ወዲያው አነሳ።

«ሮሚ፣ ምነው? ተቀየምሽኝ?»

«ምን ሆነህ አባዬ?»

«ዛሬ ቀኑን ሙሉ አልደወልሽም። መብራቷን ሳይ ዋልኩ፤ አንዴም አልበራሽም።»

ልነግረው አፌን ከፈትኩ። ግን ለአባዬ አንድ ነገር መንገር ማለት መጮህ ማለት ነው። ታክሲ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ እየሰማ «ያኔ የምትበራው እኔ አልነበርኩም!» ብዬ መጮህ ነበረብኝ። አንዴ ብጮህ ደግሞ «ምን አልሽ?» ይለኝና እደግመዋለሁ። አልቻልኩም።

«ሥራ በዝቶብኝ ነው አባዬ!»

«እ?»

«ሥራ ነው!»

«አይዞሽ» አለኝ። «እኔም እንደሱ ይሆናል ብያለሁ። በይ ነገ እንደ ድሮሽ ደውዪልኝ።»

«እሺ» ብዬ ጮህኩለት። አንድ ሚኒባስ መጣ፣ ሞላ፣ ሄደ። እኔ ስልኩን እንደያዝኩ እዚያው ቆሜ ቀረሁ።