ቆጣሪ የሌለው ሰዓት

«ሐሳቡ እንዴት መጣልሽ?» ለሚለው ጥያቄ እስከ ዛሬ መልስ የለኝም። ማለቴ፣ መልሻለሁ፤ ብዙ ጊዜ፣ በብዙ ሰው ፊት። እውነቱን ግን ለጠያቂዎቼ አንድም ቀን አልተናገርኩም።

ሐሳቡ የተባለው የስልክ ሰዓት ነው። ኮልፌ አሥራ ስምንት ማዞሪያ፣ ከአንድ ጫማ ሱቅ በላይ በተከራየናት ክፍል ውስጥ ከጓደኛዬ ጋር የሠራነው መተግበሪያ። እኔ ፕሮግራሙን እጽፋለሁ፣ እሷ ትሥላለች። ሰዓታችን ክብ ፊት የለውም፣ የሚዞር ቆጣሪም የለውም። ጊዜውን ሰው በአፉ እንደሚናገረው አድርጎ በቃላት ይጽፋል፤ «ለአራት ሩብ ጉዳይ»፣ «ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል»፣ «አንድ ሰዓት ሊሆን ትንሽ ቀረው»። በ«ሊሆን ነው» እና በ«ሊሆን ትንሽ ቀረው» መካከል ስንት ደቂቃ እንዳለ ሳምንት ሙሉ ተከራክረናል።

መተግበሪያውን ባስተዋወቅንበት ቀን በአንዲት ትንሽ አዳራሽ ውስጥ አንድ ሽማግሌ እጃቸውን አወጡ።

«ልጄ፣ ሐሳቡ እንዴት መጣልሽ?»

«አባቴ፣ የእኛ ሰው ሰዓትን በዓይኑ ከማየቱ በፊት በጆሮው ነው የሰማው» አልኩ።

ተጨበጨበ። ዓረፍተ ነገሩ ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም። ጓደኛዬ ግን ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር፤ በማግስቱ የመተግበሪያው መግለጫ ላይ በደማቁ ጻፈችው።

እውነቱ ይኸውና። ክብ ሰዓት ማንበብ አልችልም።

ትምህርት የጀመርኩት ዘግይቼ ነው። የአክስቴን ልጆች ልይዝ ከጎጃም መጥቼ፣ የመጨረሻዋ ለትምህርት ስትደርስ አብሬያት ተመዘገብኩ። እኔ ሻሽ የማስር ኮረዳ፣ የክፍል ጓደኞቼ የወተት ጥርሳቸው የሚነቃነቅ ልጆች። አንድ ጠዋት መምህሩ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ሄጄ ሰዓት አይቼ እንድመጣ ላከኝ። ትልቅ ስለሆንኩ ነበር የመረጠኝ። የግድግዳው ሰዓት በፈረንጅ አቆጣጠር የተሞላ ነው። ልማዱን የሚያውቅ ሰው አጭሩ ቆጣሪ ካረፈበት ቁጥር ትይዩ ያለውን ያነባል፤ ዘጠኝ ላይ ካረፈ ሦስት ሰዓት ነው ይላል። ይህን ለእኔ ማን ነግሮኝ! ቁጥር ከለየሁ ገና መንፈቄ ነበር። በደስታ እየሮጥኩ ተመለስኩና በሩ ላይ ቆሜ «ዘጠኝ ሰዓት ነው ቲቸር!» አልኩ።

አንዱ «ተለቀቅን!» ብሎ ደብተሩን ቦርሳው ውስጥ ከተተ። ሌሎቹም ተከተሉት። «ደውል ይደወል! ደውል!» መምህሩም ሳቁን መያዝ አቃተው። «አንቺ ትልቅ ሰው፣ ቁርስሽ እንኳ ሳይወርድ ዘጠኝ ሰዓት?» በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግኳት የአክስቴ ልጅም አብራ ሳቀች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ «ዘጠኝ ሰዓት» ሆነ።

እስከ ዛሬ ክብ ሰዓት ፊት ስቆም ያ በር ይመጣብኛል። ስሌቱን እኮ አውቀዋለሁ! አጭሩ ቆጣሪ በየደቂቃው ምን ያህል እንደሚያዘነብል የሚያሰላውን ኮድ በአንድ ቁጭታ እጽፋለሁ። ቀና ብሎ ማንበብ ሲመጣ ግን ቁጥሮቹ ይገለባበጡብኛል። ስመረቅ አክስቴ የሰጠችኝ የእጅ ሰዓት መሳቢያ ውስጥ ተኝቷል። «ባትሪው አልቆ ነው» አልኳት። ባትሪ ገዝታ መጣች። «ጠፋብኝ» አልኳት።

አለማወቄ ብቻውን ቢሆን እችለው ነበር። ሰው አለማወቄን ጥበብ ብሎ ሲያጨበጭብለት ጎንበስ ብዬ ማመስገኔ ነው ፊቴን የሚያቃጥለኝ።

ቆይቶ ተጠቃሚዎቻችን «ቆጣሪ ያለውም ይጨመርልን» ማለት ጀመሩ። ጓደኛዬ ሳትነግረኝ ሥላ መጣች። ዙሪያውን በግዕዝ ቁጥሮች፣ ቆጣሪዎቹ እንደ ብዕር የሾሉ።

«እዪውማ! ስንት ሰዓት ላይ እንዳቆምኩት ንገሪኝ።»

ስልኩን ሳልቀበላት «ከዓላማችን ውጭ ነው» አልኩ።

ሌላ ሣለች። ቁጥሮቹ ተጨናንቀዋል አልኩ። ሌላ ሣለች። ቀለሙ ደብዝዟል አልኩ። ነጠላ ሰረዝ እንኳ የማላሳልፍ ሰው መሆኔን ስለምታውቅ አመነችኝ። በጥንቃቄ ባተረፍኩት ስም ተሸሸግሁ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ከምሳ ስመለስ ዕቃዋን ስትሰበስብ አገኘኋት።

«አስኮ አንድ ማተሚያ ቤት ሥራ አግኝቻለሁ» አለች ቀና ሳትል።

«ለምን?»

«ለምን ትለኛለች እንዴ! አንቺ ሴትዮ፣ ሥዕልሽ አይረባም በይኝና ልረፍ። አንድ ቀን እንኳ ልብ ብለሽ አይተሽው አታውቂም። ታፍሪበታለሽ መሰለኝ።»

«የማፍረው በራሴ ነው።»

«ምን ሆነሽ?»

«ማንበብ አልችልም።»

«ምኑን?»

«ሰዓቱን። ቆጣሪ ያለውን።»

ሳቀች። «ባክሽ አትቀልጂ፤ ሰዓት እየሸጥሽ!» ከዚያ ፊቴን አየችና ሳቋ ቆመ። ስለ በሩ፣ ስለ ደብተሮቹ፣ ልጆቹ ስላወጡልኝ ስም ነገርኳት። ታዝንልኛለች ብዬ ነበር። ተቆጣች።

«ታዲያ ያ ሁሉ ‹በጆሮው ነው የሰማው›? እናቴን ሳይቀር ሰብኬበታለሁ እኮ! ታክሲ ውስጥ ለማላውቀው ሰው ሁሉ!»

«ውሸት ነበር።»

«ቆንጆ ውሸት!» አለች፣ የበለጠ እየተናደደች።

ቦርሳዋን አንጠልጥላ በሩ ድረስ ሄደች። ከታች የታክሲ ረዳቱ «ጦር ኃይሎች! ጦር ኃይሎች፣ የሞላ!» እያለ ይጮኻል። ትሄዳለች ብዬ አንገቴን ደፋሁ። ተመልሳ መጥታ ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አኖረችልኝ። መጀመሪያ የሣለችው፣ ባለ ግዕዝ ቁጥሩ ነበር።

«ስንት ሰዓት ይላል?»

ልብ ብዬ ሳየው የመጀመሪያ ጊዜዬ ነው። ያምራል። ያ በር መጣ፤ ልጆቹም መጡ።

«አምስት… ከሩብ?»

«አይደለም» አለች። አልሳቀችም። ቦርሳዋን ከትከሻዋ አውርዳ ወንበር ሳበች።

«እንደገና እዪው።»